ሪሲቨሩን መጨረሻ ላይ ግዙ፦ ዲሽ ራሴ ስሰቅል የተማርኩት

ዲሽ ልሰቅል ስነሳ መጀመሪያ የገዛሁት ሪሲቨር ነው። ስህተቱ እዚያው ጀመረ። መደርደሪያ ላይ የሚያምረው እሱ ነዋ! ካርቶኑ ላይ "ፉል ኤችዲ" በትልቁ ተጽፏል፣ ዋይፋይ አለው፣ ዩቲዩብ አለው። ዲሹና ኬብሉ ግን ሁሉም አንድ መሰሉኝ። ሳህን ሳህን ነው፣ ሽቦም ሽቦ ነው ብዬ ከሁሉም ርካሹን አነሳሁ። ብሩን ቤት ውስጥ ለሚቀመጠው ዕቃ አፈሰስኩት፣ ዝናብና ፀሐይ ለሚመታው ቆጠብኩ። ቀጥሎ የመጡትን ሦስት ቅዳሜና እሁዶች ጣሪያ ላይ ያሳለፍኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ማንሳት የነበረብኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር። ኋላ ላይ አደረግኩት። ቤት ያለውን ሰው ሁሉ "ምን ማየት ነው የምትፈልጉት?" ብዬ ጠየቅኩና ዝርዝር ያዝኩ። አስራ አንድ ቻናል ወጣ። ከዚያ እያንዳንዱ የትኛው ሳተላይት ላይ እንዳለ፣ ክፍት ይሁን የተቆለፈ፣ ምስሉ በምን ኮዴክ (የምስል ማመቂያ ዘዴ) እንደሚላክ ኢንተርኔት ላይ አጣራሁ። ሁለቱ ቁልፍ ናቸው፣ ያለ ካርድ አይከፈቱም፤ ሰረዝኳቸው። ከቀሩት ዘጠኝ ሰባቱ አንድ ሳተላይት ላይ ናቸው። በቃ፣ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ። "ይሄ አምስት ሺህ ቻናል ይይዛል" ስትባሉ ደግሞ አትደንግጡ፣ ሚሞሪው ያን ያህል ስም ማስቀመጥ ይችላል ማለት ነው እንጂ የሚታይ አምስት ሺህ ቻናል አለ ማለት አይደለም። ሰርች ስታደርጉ የዶላር ምልክት ይዘው ከሚደረደሩት አብዛኞቹ አይከፈቱም። ከሚከፈቱትም ስንቱ ቀን ከሌት መጥበሻ ሲሸጥ የሚውል ነው።

ሳተላይቱ ከታወቀ በኋላ የዲሹ መጠን ይመጣል። ሳተላይት መሬትን እኩል አያበራም። ባትሪ ግድግዳ ላይ ስታበሩ መሃሉ ደምቆ ዳሩ እንደሚደበዝዘው ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት የሽፋን ካርታ አለው፣ እዚያ ላይ የቆማችሁበት ቦታ መሃል ነው ወይስ ዳር የሚለው ነው ዲሹን የሚወስነው። እኔ ካርታውን ሳላይ 60 ሳንቲ ሜትር ሰቀልኩ። ቤቴ ለካ ዳር ላይ ነው። ሰማይ ጥርት ሲል ይሠራል፣ ትንሽ ደመና ሲመጣ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ዝናብ ሲጀምር ጭራሽ ወፍ የለም።

ወደ 90 ስቀይረው ነገሩ ተለወጠ። ከ60 ወደ 90 ሲባል ትንሽ ጭማሪ ይመስላል፣ ግን ሲግናል የሚሰበስበው የዲሹ ስፋት ነው፣ እሱ ደግሞ ከእጥፍ በላይ፣ 2.25 ጊዜ ነው የሚያድገው። ይሄ ትርፍ ፀሐይ በሆነ ቀን አይታያችሁም። ዝናብ ሲመጣ ነው የሚታየው። የኬዩ ባንድን ሞገድ፣ የቤት ዲሾች በብዛት የሚቀበሉትን፣ ዝናብ ስለሚውጠው፣ መጠባበቂያ ያለው ዲሽ ይተርፋል፣ የሌለው ይጠፋል። ሲ ባንድን፣ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ያለውን ሞገድ፣ ዝናብ ብዙም አይበግረውም፣ ግን እሱ የሚፈልገው ዲሽ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ ለኔ ጣሪያ አልሆነም፣ ተውኩት።

ሌላ ነገር፣ ዲሽ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ክር ይዛችሁ ሂዱ። ቀልዴን አይደለም። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በመስቀለኛ ወጥሯቸው። መሃል ላይ ልክ ከተነካኩ ደህና ነው፤ በመሃላቸው ክፍተት ካለ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋው ሳህኑ ተጣሟል። የመጀመሪያው ዲሼ ሲጓጓዝ የሆነ ዕቃ ተጭኖበት ነበር መሰለኝ፣ በጣት ስፋት ያህል ክፍተት ነበረው። በዓይን ስታዩት ግን ምንም አይልም። ሻጩ ክር ስትወጥሩ ሊስቅባችሁ ይችላል፣ ይሳቅ።

ኤልኤንቢው፣ ከዲሹ ፊት ለፊት ክንዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ዕቃ፣ ላይ ብዙ አልቆይም። ሥራው ዲሹ የሰበሰበውን ደካማ ሲግናል አጉልቶ፣ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለውን ወደ 950–2150 ሜጋኸርዝ ማውረድ ነው፤ ኬብል ከዚያ በላይ ያለውን ተሸክሞ ሩቅ አይሄድምና። ፊቱ ላይ "0.1 ዲቢ" ብለው የሚጽፉትን፣ ራሱ የሚጨምረውን ጩኸት መጠን፣ ብዙ አትመኑት። ያንን ቁጥር ከሞላ ጎደል ሁሉም ይጽፈዋል፣ ርካሹም ውዱም። እኔ የማየው ፕላስቲክ ክዳኑ በደንብ የታሸገ መሆኑን፣ ኬብል የሚገባበት ጥርስ የጠነከረ መሆኑንና ዩኒቨርሳል (ያንን ፍሪኩዌንሲ ሙሉውን የሚቀበል) መሆኑን ነው። ሪሲቨሩ ሜኑ ላይ 9750/10600 የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ሁለት ቲቪ ካላችሁ ደግሞ ከአንድ ኤልኤንቢ ኬብሉን በስፕሊተር እከፍላለሁ ብላችሁ አትድከሙ፣ አንዱ ሪሲቨር ቻናል ሲቀይር የሌላውን ያጠፋበታል፤ ሁለት መውጫ ያለውን ግዙ።

ኬብል ላይ ግን ልቆይ። የተቃጠልኩት እዚህ ነው።

90ውን ሰቅዬ ምስሉ ፏ ካለ በኋላ ዝርዝሬን ሳይ ከሰባቱ ሦስቱ የሉም። ሰርች አደረግኩ፣ የሉም። ደግሜ አደረግኩ፣ የሉም። የጠፉትን ፍሪኩዌንሲ ሳይ ሁሉም አጠገባቸው "ኤች" የሚል ፊደል አለ፣ ሆሪዞንታል ናቸው፣ ሞገዳቸው በአግድም የሚርገበገብ ማለት ነው። ቨርቲካሎቹ፣ ሽቅብ ቁልቁል የሚርገበገቡት፣ በሙሉ አሉ። ኤልኤንቢው ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ገዛሁ። ያው ነው። ዲሹ ትንሽ ዞሯል ብዬ ነካካሁት፣ ጭራሽ የነበሩትንም አጣሁና ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው በዚያው ኬብል መብራት ይልክለታል። 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው ቨርቲካል ይሰጣል፣ 18 ሲልክ ሆሪዞንታል። አንድ ወዳጄ ጋ ደውዬ ስነግረው ሳልጨርስ "ኬብልህን ማግኔት አስነክተኸዋል?" አለኝ። ምን አገናኘው ብዬ ከፍሪጁ በር ላይ አንዷን ክብ ማግኔት አነሳሁና የተላጠው የኬብሉ ጫፍ ላይ ጠጋ አደረግኳት። ጠብ! ተለጠፈች። መዳብ ማግኔት አይስበውም። በቢላ ጫፍ ፋቅ ሳደርገው መዳቡ እንደ ቀለም ተነሳ፣ ከሥሩ ነጭ ብረት ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ኬብል ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም። የቲቪው ሲግናል የሚሄደው በሽቦው ቆዳ ላይ ስለሆነ የመዳብ ሽፋኑ ይበቃዋል። የኤሌክትሪኩ ጉልበት ግን በሙሉ ሽቦው ውስጥ ነው የሚሄደው፣ ብረት ደግሞ ከመዳብ ይልቅ ያግደዋል። ለ10 ሜትር ችግር የለውም። የኔ 40 ሜትር ነበር። በዚያ ላይ አንድ ጥቅል ስላልበቃኝ መሃል ላይ ሁለት ኬብል በእጄ ጠምዝዤ፣ በጥቁር ቴፕ ጠቅልዬ ቀጥዬው ነበር። ቴፑን ስፈታው ውሃ ጠብ አለ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በመልቲሜትር ከመጋጠሚያው በሪሲቨሩ በኩል ስለካው 18 ገደማ፣ ወደ ኤልኤንቢው በኩል 14። ኤልኤንቢው 14 ሲያይ ምን ያስብ? "ቨርቲካል ነው የተጠየቅኩት" ብሎ ተቀምጧል። እኔ ኤልኤንቢ ቀይሬለታለሁ።

ኬብሉን መሃሉ ሙሉ መዳብ በሆነ፣ 75 ኦም፣ አርጂ6 በሚባለው ቀየርኩት፣ ያለ ምንም መቀጠያ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ። ሦስቱም ቻናል ሰርች ሳላደርግ፣ ፍሪኩዌንሲያቸውን እንዳስገባሁ መጡ። ኮኔክተሩንም በእጅ ከሚጠመዘዘው በመጭመቂያ ወደሚታሰረው ለወጥኩት። ስትልጡ አንዲት የመረቡ ክር እንኳ መሃለኛውን ሽቦ እንዳትነካ ተጠንቀቁ፣ ሾርት ታደርጋለች። ይህን ስትሠሩ ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል፣ በሪሞት ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ወደ ታች ትንሽ ቀለበት ሠርቶ ይንጠልጠል፣ ውሃው ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ኬብሉን ተከትሎ ግድግዳ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ሪሲቨሩ። ያ በፍቅር የገዛሁት። ከዝርዝሬ አንዱ ቻናል ድምፁ ይሰማል፣ ምስል የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ሰውዬው ዜና ያነባል። ለካ ቻናሉ የሚላከው በኤችኢቪሲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የምስል ማመቂያ። ጥራቱን ሳይቀንስ ከበፊቱ ኤምፔግ-4 ግማሽ ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ ለሳተላይት ቦታ የሚከፍሉ ጣቢያዎች ቢወዱት አይገርምም። የኔ ሪሲቨር ዲቪቢ-ኤስ2 (አዲሱን የሳተላይት ስርጭት ዓይነት) ይቀበላል፣ ኤምፔግ-4 ይፈታል፣ ኤችኢቪሲ ግን አያውቅም። "ፉል ኤችዲ" የሚለው ጽሑፍ ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም። ሶፍትዌር በማደስ የሚስተካከልም አይደለም፣ ቺፑ ነው። ቻናሎቹን ቀድሜ ብጽፍ ኖሮ ኮዴኩ እዚያው ወረቀት ላይ ይኖር ነበር። ሁለተኛውን ስገዛ የጠየቅኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ኤች.265 (የኤችኢቪሲ ሌላ ስሙ) አለው? ብላይንድ ሰርች (ፍሪኩዌንሲ ሳታስገቡለት ራሱ የሚፈልግ) አለው? የሲግናል ኳሊቲ መለኪያው ቶሎ ይንቀሳቀሳል? ዩቲዩብ አለው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ስልኬ ላይ አለ።

ሦስተኛው ጥያቄ ዲሽ ስታዞሩ ነው የሚገባችሁ። ሜኑው ላይ ሁለት መስመር አለ። ላይኛው፣ የጉልበት መለኪያው፣ ዲሹን ግድግዳ ላይ ብታዞሩትም ይሞላል፤ ኤልኤንቢው መብራት አግኝቷል ማለት ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። የሚታየው ኳሊቲው ነው። አንዳንዱ ሪሲቨር ግን እሱን የሚያሳየው ሁለት ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ስለሆነ፣ በፍጥነት ካዞራችሁ ሳተላይቱን አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ትንሽ ግፉ፣ ቁሙ፣ ጠብቁ።

ምን ያህል ትንሽ? ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። እዚህ ዲሹን አንድ ዲግሪ ስታዞሩ እዚያ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተንቀሳቅሳችኋል። የ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው ወደ ሁለት ዲግሪ የሚሆን ስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ዲሹ የሚታሰርበት ብረት ራሱ በውሃ ልክ ተለክቶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። እኔ በዓይኔ "ቀጥ ብሏል" ብዬ ያቆምኩት ብረት በኋላ ሲለካ ዘሞ ነበር፣ ግራ ቀኝ ባዞርኩት ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይለወጥብኛል።

ኦፍሴት ዲሽ፣ ኤልኤንቢው መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ታች ዝቅ ብሎ የሚታሰርበት፣ ደግሞ ያታልላል። ፊቱ ወደሚያይበት ሰማይ አይደለም የሚያየው፣ ከዚያ ወደ 25 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። ሳተላይቱ ግማሽ ሰማይ ላይ ቢሆን እንኳ ሳህኑ ቀና ብሎ የቆመ ይመስላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ፊቱን ወደ ሰማይ ገልብጬ አንድ ከሰዓት በሙሉ ባዶ ሰማይ ስፈልግ ዋልኩ። አቅጣጫውን ለመያዝም ኮምፓስ ከብረቱ አጠገብ ስታደርጉት ይሳሳታል። የሚሻለው ፀሐይዋ ናት። በየትኛው ሰዓት ከሳተላይታችሁ አቅጣጫ ጋር እንደምትሰለፍ የሚነግሩ የስልክ አፖች አሉ፣ በዚያ ሰዓት የብረቱ ጥላ የሚወድቅበትን በጠመኔ አስምሩ። ዲሹን ከጥላው ተቃራኒ ታዞሩታላችሁ።

የቀሩትን ሁለት ቻናሎች ያገኘሁት በሌላ ዲሽ ነው፣ ሁለቱን በዳይሴክ (ሪሲቨሩ ከአንዱ ኤልኤንቢ ወደ ሌላው የሚቀያይርበት ማብሪያ) አገናኝቼ። ሳተላይቶቹ ቅርብ ለቅርብ ከሆኑ፣ ለምሳሌ እንደ ሆትበርድ 13 ዲግሪ ምሥራቅና አስትራ 19.2፣ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ጎን ለጎን ማሰር ይቻላል። የኔዎቹ ይራራቃሉ፣ ስለዚህ ሁለተኛ ብረት፣ ሁለተኛ ውሃ ልክ፣ ሁለተኛ ፀሐይ።

ሁሉም ነገር ለወራት ያለ ችግር ከሠራ በኋላ፣ መጋቢት አካባቢ፣ ደመና የሚባል ነገር በሌለበት ቀን ምስሉ ድርቅ ብሎ ቀረ። ኳሊቲው ዜሮ ገባ። 13 ቁልፌን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ብሎኑን ልፈታ ስል ኤልኤንቢውን ቀና ብዬ አየሁት፦ ነጩ ክዳን መሃል ለመሃል አንድ ደማቅ የብርሃን ነጠብጣብ አርፎበታል። ፀሐይዋ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ገብታለች፣ ዲሹ ብርሃኑንም የሬዲዮ ጩኸቱንም ሰብስቦ ኤልኤንቢው ላይ ያፈስሰዋል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን በዓመት ሁለቴ፣ ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ የሚሆን ነገር ነው። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና እዚያው ቁጭ አልኩ። ነጠብጣቡ ቀስ እያለ ወደ ክዳኑ ጠርዝ ሄደ፣ ከዚያ ወረደ። ከታች "መጣ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።