ምን ጠፍቶህ ነው?

ደብረ ሲና ተወልጄ አድጌ፣ ከወፍ ዋሻ ደን በላይ ያለውን ጫፍ ሳልረግጥ 34 ዓመት ሞላኝ። ባለፈው ጥቅምት ለእናቴ "ነገ ልወጣው ነው" ስላት ቡናውን መቅዳት ትታ አየችኝ።

"ምን ጠፍቶህ?"

እኛ ጋ ተራራ የሚወጣው ከብት የጠፋው ወይም ለቅሶ የሚሻገር ሰው ነው። ቢሆንም ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ። የደብረ ሲናን ቆሎ በመኪና መስኮት ብቻ የምታውቁት ዳገት ላይ ሞክሩት፣ ሌላ ነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ደኑ ውስጥ ገባን። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። የመናገሻ ሱባ ደን በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከዚህ በሄደ ጽድ ተተከለ ይባላል። አዲስ አበባ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ የምጠለልበት ዛፍ ለካ የአገሬ ልጅ ነው።

ዳገቱ ወገብ ቀና አያስደርግም። መጀመሪያ መቶ እርምጃ ሄጄ አርፍ ነበር፣ ከዚያ አርባ፣ ከዚያ መቁጠሩንም ተውኩት። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። የአክስቴ ልጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ይጠብቀኛል። ትዕግሥቱ ከዳገቱ ይብሳል።

የሚያገኘን ሁሉ ያንኑ ይጠይቃል። "ምን ጠፍቶህ ነው?" ለአምስት ሰው "ለመዝናናት ነው" አልኩ። አምስቱም አዘኑልኝ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ስድስተኛ ሆነው ሲጠይቁኝ ትንፋሽ አጠረኝና "በሬ ነው አባባ" አልኳቸው።

"ውይ ልጄ! ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?"

"ቀይ... ቦራ።"

ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ማዶ ተጣሩ። ከማዶ አንድ እረኛ መለሰ፣ እሱም ወደ ታች ተጣራ። በሬዬ በሦስት ቀበሌ ሲፈለግ ሰማሁ። የአክስቴ ልጅ ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ዛፉ ወደ አስታ ቁጥቋጦ፣ አስታው ወደ ጓሳ ሣርና ጅብራ ተለወጠ። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉ ላይ ነበርን፣ ስልኬ 3,500 ሜትር አለፍ ብሏል። ጭላዳዎች አስር እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሣር ይለቅማሉ። አንዱ አውራ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት እየገለጠ በሁለት ጣቱ እየነጨ ይጎርሳል፤ ቂጡን ሳያነሳ ወደ ፊት ሸርተት ይልና እንደገና ይነጫል። ከእሱ ጀርባ መሬቱ ያልቃል። ከታች የሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ። ከቆላ የሚነሳው ሙቅ አየር ገደሉን ሲወጣ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል፣ ስለዚህ አርፍዶ የሚደርስ የሚያየው ነጭ ነገር ብቻ ነው። እኛ ሃያ ደቂቃ ደረሰን፣ ከዚያ ተሸፈነ።

መውረዱ ቀላል ነው ያላችሁ ሰው ካለ ጉልበቱን አይታችሁ እመኑት። የኔ ከግማሽ በኋላ ከዳኝ፣ በዱላ ነው የጨረስኩት።

ከደኑ ስንወጣ አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ።

"ጋሼ! የበሬው ባለቤት አንተ ነህ? ቀይ ቦራ ይዘን አስረናል፣ ና እየው!"