የክራሩ ቅኝት መጨረሻ ላይ ሲወርድ

በሪል ቴፕ (በመንኮራኩር ላይ በተጠቀለለ የድምፅ ክር) የተቀዱ የድሮ ድምፆችን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ሥራዬ ነው። አንድ ክረምት 23 ሪል ተረከብኩ፤ አብዛኛው ክራርና ማሲንቆ ነበር። ጨርሼ አስረከብኩ። በሳምንቱ፣ ቅጂዎቹን እንዲያዳምጡ የተጠየቁ አንድ አረጋዊ ክራር ደርዳሪ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ክራሬን ከቴፑ መጀመሪያ ጋር ቃኝቼ አብሬ ልደረድር ብል ወደ መጨረሻው አልገጥም አለኝ። ድምፁ ይወርዳል።»

«ጋሼ፣ የማሽኑን ፍጥነት ለክቼዋለሁ እኮ፤ ልክ ነው» አልኳቸው።

«አንዱ ብቻ ቢሆን ተጫዋቹን እጠረጥር ነበር። አራት ሪል ሰማሁ፤ አራቱም ይወርዳሉ።»

እውነትም ለክቼ ነበር። ማሽኔ ሬቮክስ ኤ77 ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የቴፑን ክር የሚስበውን ዘንግ የሚያዞረው ሞተር በኤሌክትሮኒክስ የሚገዛ። የለካሁት ግን የዘንጉን መሽከርከር እንጂ የክሩን ጉዞ አልነበረም። ያን ማታ የ1000 ኸርዝ ድምፅ በአንድ ሪል መጀመሪያ ላይ ቀዳሁ፤ የተቀዳበትን ጥቂት ሜትር ቆርጬ ያው ሪል መጨረሻ ላይ ቀጠልኩትና አጫወትኩት። 985 ኸርዝ አነበብኩ። ከግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በሙዚቃ ከአንዱ ኖታ እስከ ቀጣዩ ካለው ትንሹ እርከን፣ ሩብ ያህል ወርዷል ማለት ነው። ጋሼ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጆሯቸው ብቻ ነው የያዙት፤ እስካሁን ይደንቀኛል።

ጥፋቱ የውጥረት ነበር። ክሩ እንዳይላላ ወደ ኋላ የሚይዘው የግራ ሞተር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጉልበቱ አንድ ነው፤ የሚለወጠው ክሩ ከሪሉ መሃል ያለው ርቀት ነው። በ18 ሳንቲሜትር ሪል ላይ፣ ሙሉ ሲሆን ክሩ ከመሃል 8.5 ሳንቲሜትር ርቆ ይወጣል፤ ሊያልቅ ሲል ግን 3 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል። መጀመሪያ ላይ በ40 ግራም የተወጠረ ክር መጨረሻ ላይ ከ110 ግራም ያልፋል። እኔ በስፕሪንግ ሚዛን የለካሁት ሙሉ ሪል ላይ ነው። ቁጥሩ ደስ ብሎኝ ክዳኑን ዘጋሁ።

ይህም አልበቃ፤ በቀኝ በኩል ባለ 26.5 ሳንቲሜትር ትልቅ ሪል አስገብቼ ስለነበር የሪል መጠን መምረጫውን «ትልቅ» ላይ አድርጌዋለሁ። ያ መምረጫ የሁለቱንም ሞተሮች ጉልበት ነው የሚጨምረው። የትልቁ ሪል እምብርት (ክሩ የሚጠቀለልበት መሃሉ) ሰፊ ስለሆነ ጉልበቱን ይችለዋል፤ በግራ ያለው ጠባብ እምብርት ግን ክሩን ወጥሮ ያዘው። ክሩን ዘንጉ ላይ የሚጫነው ጎማ ደግሞ አርጅቶ ደርቋል፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ዘንጉ በትክክል እየዞረ ክሩ ከሥሩ ተንሸራተተ። ሁለት ሪል ላይ የተቆረጠ ክር የተጣበቀበት አሮጌው መቀጠያ መጨረሻው አካባቢ ለቆ ነበር፤ ሙጫው አርጅቶ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ያኔ ቆም ብዬ ባየው ኖሮ ጋሼ ባልደወሉ።

ጎማውን ቀየርኩ፤ በግራም በቀኝም እኩል እምብርት ያላቸው ሪሎች ገቡ፤ መምረጫው «ትንሽ» ላይ ሆነ። ውጥረቱንም በባዶ እምብርት ለካሁ፦ ጠንካራ ሲባጎ ሦስት አራት ዙር ጠቅልዬ፣ የሲባጎውን ጫፍ ሚዛኑ ላይ አስሬ፣ ክር የለም ብሎ ማሽኑን እንዳያቆመው የክር ማለቂያ ጠቋሚውን መብራት በወረቀት ሸፍኜ ማሽኑን አስነሳሁና ቀስ ብዬ ጎተትኩ። ንባቡ የሚወሰደው ሲባጎው በዝግታ እየተፈታ ሳለ ነው፤ ቆሞ ከተነበበ ሰበቃው ያሳስታል። ያንኑ ሪል እንደገና ሳጫውተው መጨረሻው 999 ሆነ።

ሃያ ሦስቱንም ደግሜ አዛወርኳቸው። አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ፤ ክፍያ አልጠየቅሁም። አሁን ሦስቱ በተቃራኒው መጨረሻቸው ላይ ትንሽ ይወጣሉ፤ የቀዳቸው ማሽንም ያኔ ክሩን ሳያንሸራትት አልቀረም። በኮምፒውተር ላስተካክለው እችል ነበር። ጋሼን አማከርኳቸው።

«እንዳለ ተወው፤ ግን ጻፍበት» አሉኝ። በየፋይሉ መግለጫ ላይ ጻፍኩት።