ኩቧና ኮለኑ

ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ። በረንዳውን የያዘችው ቢም፣ አግዳሚዋ የአርማታ ተሸካሚ፣ መሃሏ ላይ ወደ ታች ረገብ ብላለች። ትንሽ ናት፣ ግን አንዴ ዓይኔ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በሐዘን የደነዘዝኩ መስሏቸው እጄን ያዙኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ።» እኔ በሆዴ «ድጋፉን በስንተኛው ቀን ይሆን የነቀሉት?» እያልኩ ነው።

የግንባታ ኢንጂነር ነኝ፤ ይሄ በሽታ ከያዘኝ 14 ዓመት ሊሞላው ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ፍርድ ቤት። ሪቫን የቆረጡት ሰዎች ስማቸው በር ላይ በእብነ በረድ ተጽፏል። የእኔ የለም፣ ቅርም አይለኝም። የኔ ሥራ ልስን ሲመጣ የሚጠፋ ነው። ፌሮ ይቆጠራል፣ ይለካል፣ እፈርማለሁ፣ አርማታ ይሞላበታል፣ አበቃ።

ሰሞኑን ግን ኩቧ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላኛለች።

አርማታ በሞላን ቁጥር ከዚያው ድብልቅ ተቆንጥሮ በብረት ቅርጽ ይሞላል። ኩብ የምንላት እሷን ነው፦ በየጎኗ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 8 ኪሎ ገደማ። በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላብራቶሪ ወስደን እንጨፈልቃታለን። የጥንካሬ ደረጃዋ ሲ-25 ከተባለች በ28 ቀኗ 57 ቶን ገደማ ካልተጫናት መሰበር የለባትም። ውጤቱ በወረቀት ይመጣል። እፈርማለሁ። ክፍያ ይለቀቃል።

አያያዟን ብታዩ! በ3 ዙር እየተጠቀጠቀች ትሞላለች። አናቷ እንደ ጠረጴዛ ይስተካከላል። በማግስቱ ከቅርጿ ወጥታ ገንዳ ውስጥ ትገባና መጨፍለቂያዋ እስኪደርስ ውሃዋ ውስጥ ትተኛለች። አራስ እንኳን እንዲህ አትያዝም።

ኮለኑስ፣ ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ? እሱ ደጅ ነው፣ ፀሐይ ላይ። ጆንያ ይጠቀለልለታል። ዘበኛው ካስታወሰ ጠዋት አንድ ጀሪካን ይደፋበታል። በዓል ከሆነ የለም። ውሃ ከጠፋም የለም። ሲሞላም ቢሆን ልጆቹ «ኢንጂነር፣ ትንሽ ቀጠን ይበልልን» ይላሉ። እምቢ እላለሁ። ዞር ስል አንድ ባልዲ ውሃ ጣል። ኩቧ የተወሰደችው ደግሞ ሁልጊዜ ከባልዲው በፊት ነው።

ሰኔ ሲመጣ ይብሳል። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ስለዚህ ዝናብ ባይኖር እንኳን እብደት ነው። ላስቲክ እያለበስን ስላብ፣ የወለሉን አርማታ፣ የሞላንበት ቀን አለ። ኩቧ ያን ጊዜም አልፋለች።

ማጭበርበር እንዳይመስላችሁ። ውሃ ውስጥ አቆዩ የሚለው መመሪያው ራሱ ነው። ኩቧ የምትመሰክረው ስለ ድብልቁ ነው፣ ስለ ኮለኑ ኑሮ አይደለም። ይሄን ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። እሺ፣ እኔ 14 ዓመት ስፈርም የኖርኩት ስለ የትኛው ነው?

ጤና ጣቢያው ሳይት ላይ አንድ ዘበኛ ነበሩ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ማንም ሳያዛቸው ሌሊት እየተነሱ ኮለኖቹን ያጠጡ ነበር። ስጠይቃቸው «ሲሚንቶ ይጠማዋል፣ ልጄ» አሉኝ። ሳይት ቡኩ ላይ የስንት መኪና አሸዋ ሲገባ መዝግቤአለሁ። ስለሳቸው አንድ መስመር የለም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ገባ ብዬ ኮለኖቹን አያለሁ፤ ስንጥቅ አላገኘሁም። የታመመ ልጠይቅ የመጣሁ ስለሚመስላቸው ካርድ ክፍል ያሉት ልጆች «ማንን ፈልገሽ ነው?» ይሉኛል። መልስ የለኝም።

ትናንት ማታ የኔው ሰውዬ «ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። ስለ ኩብ እያሰብኩ ነው አልኩት። ስቆ ስቆ ሲያበቃ «ደም ግፊትሽስ ምን አሉሽ?» አለ።

ሐሙስ ቀጠሮ ነበረኝ። ከሰኞ ጀምሬ ጨው ትቻለሁ። ቡና ትቻለሁ። በ3 ሰዓት እተኛለሁ፣ ስልኬን ሳሎን ጥዬ። ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ለካችኝና «በጣም ቆንጆ ነው፣ በዚሁ ቀጥዪ» አለችኝ።

ከክሊኒኩ ወጥቼ መጀመሪያ ያገኘሁት ጀበና ቡና ጋ ተቀመጥኩ። ሁለት ስኒ። ከፋንዲሻ ጋር፣ ጨው በዛ ያለበት።