ሞተር ሳይክል በደብል ጋቢና ስትጭኑ የኋላውን አክስል አስሉት

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ሞተር ጭኖ ወደ ገጠር ወረዳ የሚወጣ ፒክአፕ የተለመደ ነው። መኪናው መንገዱ እስከሚያስኬደው ይሄዳል፣ የቀረውን ቀበሌ ሞተሩ ይጨርሰዋል። ሲጫን ሁሉም የሚጠይቀው ሞተሩ ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው። የት ላይ እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ አክስሉን፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚይዘውን ዘንግ፣ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ከኋላ አክስል በስተኋላ የሚውል ጭነት የራሱን ክብደት ብቻ አያሳርፍም። ፊቱን ያነሳል፤ ከፊት የተነሳው ኪሎም ኋላ ላይ ይደመራል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። የጭነቱ መሃል ከኋላ አክስል በስተኋላ ምን ያህል እንደራቀ ደምሩበት። ድምሩን ለመጀመሪያው ርቀት አካፍላችሁ በጭነቱ ኪሎ አባዙት።

ሃይሉክስ ደብል ጋቢናን እንውሰድ፤ በሁለቱ አክስሎች መሃል 3.085 ሜትር አለው። ሞተሩ ነዳጁን ይዞ 120 ኪሎ ነው እንበል። ከመከላከያው ኋላ 40 ኪሎ በሚመዝን የብረት ማንጠልጠያ ላይ ቢሰቀልና የሁለቱ ክብደት መሃል ከአክስሉ 1.4 ሜትር ቢርቅ፣ 160 ኪሎው ኋላ ላይ ሲያርፍ ወደ 233 ኪሎ ይሆናል። ፊቱ በ73 ኪሎ ይቀላል። ያው ሞተር ካሶኒው (የኋላ ጭነት ሳጥኑ) ውስጥ ገብቶ የፊት ጎማው የጋቢናውን ጀርባ ቢነካ፣ መሃሉ ከአክስሉ የሚርቀው በግምት 0.4 ሜትር ነው፤ የኋላው ጫና ወደ 136 ኪሎ ይወርዳል። ልዩነቱ አንድ ኩንታል ጤፍ ያህል ነው።

ስለዚህ ካሶኒው ባዶ ከሆነ ማንጠልጠያ አታሠሩ። ሞተሩን ሰያፍ አድርጋችሁ ከአንዱ የፊት ጥግ ወደ ተቃራኒው የኋላ ጥግ አስገቡት። የኋላ ጎማው በተከፈተው ስፖንዳ (የካሶኒው የኋላ መዝጊያ) ላይ እንዲያርፍ አትፍቀዱ፤ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር የስፖንዳውን ገመድ ከነመያዣው ይነቅለዋል።

ካሶኒው ላይ መኝታና ማብሰያ የተሠራበት መኪና ከሆነ ግን ከማንጠልጠያው ውጪ ምርጫ የለም። ያኔ ሌላውን ዕቃ ወደፊት መግፋት ነው። 60 ሊትር ውሃ ከካሶኒው ጫፍ ወደ ጋቢናው ጀርባ ሲዛወር ከኋላ አክስል ላይ ከ20 ኪሎ በላይ ይቀንሳል። ከካሶኒው ሥር የሚንጠለጠለው ስኮርታ ጎማም ቦታው ከአክስሉ ኋላ ነው፤ ወደፊት ቢመጣ ይጠቅማል።

ከዚያ መመዘን ነው። የመኪና ሚዛን ያለው መጋዘን ወይም ፋብሪካ ስታገኙ፣ ሰዉም ነዳጁም ዕቃውም እንዳለ መጀመሪያ ሙሉ መኪናውን፣ ቀጥሎ የፊቱን ከሚዛኑ አውርዳችሁ የኋላውን ብቻ አስመዝኑ። ጠቅላላው ከተፈቀደው በታች ሆኖ የኋላው ብቻ ያለፈ መኪና ብዙ ነው። የኋላውን ልክ በበር ምሰሶው ላይ ካለው ሰሌዳ ወይም ከማንዋሉ አመሳክሩ። የጎማውንም ቁጥር አንብቡ፤ 112 የሚል አንድ ጎማ በትክክለኛ ንፋስ የሚሸከመው 1,120 ኪሎ ነው። ገደቡ ከሁሉም ትንሹ ነው። ሚዛን ከሌለ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ከመጫኑ በፊትና በኋላ በሜትር ለኩ፤ ኋላው ወርዶ ፊቱ ከፍ ካለ ጭነቱ ወደ ኋላ አዘንብሏል ማለት ነው።

«ባሌስትራ ይጨመርበት» የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ባሌስትራ (ከሥር ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) መኪናውን ቀጥ ያደርገዋል እንጂ የአክስሉን፣ የኩሽኔታውንና (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) የሻንሲውን (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) አቅም አያሳድግም። ከአቅም በላይ ተጭኖ በኮረኮንች የሚሄድ ደብል ጋቢና በጋቢናውና በካሶኒው መሃል ሻንሲው የሚታጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ጉዳት አለ። ብዙ ፒክአፕ ላይ የኋላውን ፍሬን ኃይል በጭነቱ ልክ የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ጭነቱን የሚያውቀው ኋላው ምን ያህል እንደወረደ ነው። ባሌስትራ ተጨምሮ ኋላው ካልወረደ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ባሌስትራ ካስጨመራችሁ ይህን ቫልቭ አስተካክሉልኝ ማለት አትርሱ።

ሞተሩን ካሶኒው ላይ ለማውጣት 2.5 ሜትር የሚረዝምና 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ጣውላ በቂ ነው። መንገድ ዳር ከፍ ያለ አፈር ካለ ኋላውን ወደዚያ አስጠጉ፣ ድካሙ በግማሽ ይቀላል። ለማሰር የከመነዳሪ ቁራጭ አትጠቀሙ፤ ስለሚለጠጥ ሞተሩ በየጉድጓዱ ይወዛወዛል። ማጥበቂያ ያለው ሰፊ ቀበቶ ተጠቀሙ። ሁለቱን ከመሪው በታች ካለው የፊት አሞርዛተር መያዣ ወደፊት ቀኝና ግራ ወጥሩ፣ ሌላ ሁለት ከኋላ ጨምሩ። የፊት አሞርዛተሩ እስከ ግማሽ ብቻ ይጨመቅ፤ እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁት የዘይት ጎሚኒው ይለቃል። የጎን መቆሚያው ተጣጥፎ ይሂድ፣ ካልሆነ ካሶኒውን ይበሳል። የነዳጅ መዝጊያው ይዘጋ።

በኮምቦልቻና በደሴ መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጫናው እንደገና ወደ ኋላ ይሸሻል። 2,500 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት መሃሉ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና በ10 በመቶ ዳገት ላይ ወደ 65 ኪሎ ተጨማሪ ኋላው ላይ ይጥላል። ሜዳ ላይ ልኩን የነካ አክስል ዳገት ላይ ያልፋል፤ ቢያንስ 100 ኪሎ ትርፍ ተዉለት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ባቲ ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ። የቆላው ሙቀትና የጎደለ ንፋስ ሲገናኙ ጎማ ይፈነዳል፤ ንፋሱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ከተነሳችሁ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ቆማችሁ ቀበቶዎቹን አጥብቁ፣ የእያንዳንዱን የኋላ ጎማ መሃል በእጅ መዳፍ ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ እስኪታይ ድረስ ጭነቱን አቅልሉ።