ካፓሲተሩ ነው

ዛሬ በዚህ የድሬ ሙቀት የሚያቃስት እንጂ የማይዞር ቬንትሌተር ታቅፌ መጋላ ሰፈር ወረድኩ። ጠጋኙ ልጅ ሳይፈታው ሰካውና የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «ሞተሩ ደህና ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተሩ ነው የደከመው።» ቀየረው፤ ዞረ።

ከጎኑ ሌሎች ቬንትሌተሮች ተደርድረዋል። የማን ናቸው ስለው ሳቀ።

«የአንድ መሥሪያ ቤት። ለጥገና ሠራተኝነት አመልክቼ ዲግሪ የለህም ብለው መለሱኝ። ዲግሪ ያለውን ቀጠሩ፣ እሱ ደግሞ ወደ እኔ ያመጣል። አቦ ምን ችግር አለው፣ እሱም ይብላ እኔም ልብላ!»

ለሐኪም፣ ድልድይ ለሚሠራ መሐንዲስ ዲግሪ ይጠየቅ፤ አልከራከርም። ለገንዘብ ተቀባይ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤትስ? ይቺ ከተማ እኮ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ናት፤ ስንቱ አባት ሙያውን የለመደው ባቡር ጥገናው ውስጥ ከአለቃው ጎን ቆሞ ነው። (የልጆቹን የዩኒቨርሲቲ ወጪም በዚያው ሙያ ሸፍኗል።)

ማስረጃ ካስፈለገ ደግሞ የብቃት ምዘናው አለ፤ ሲኦሲ በተግባር ጭምር ይፈትናል። ማስታወቂያ ላይ «ዲግሪ ወይም ሲኦሲ ያለው» ብሎ ለመጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል?