ያልለመንነውንም የሰማ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምንጽፈው በቀዶ ሕክምና ክፍል የምናገለግል ባለሙያዎች ነን፤ የምንመሰክረውም ስለ አንዲት ታካሚያችን፣ በራሷ ፈቃድ ነው። የአንገቷ እንቅርት ከደረት አጥንቷ ሥር ወርዶ ነበር፤ ሆርሞኑም ከልክ በላይ በዝቶባት ነበር። ስለዚህ ሆርሞኑን የሚያመነጨው፣ አንገቷ ፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቤተሰቧ ድምጿ እንዳይጠፋና ደም እንዳይፈስሳት ተሳለ፤ ሁለቱም ተሰማ። እግዚአብሔር ግን ማንም ካልለመነው አደጋም፣ ከደም ካልሲየም መውረድ፣ አተረፋት።

ከታይሮይድ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያህሉ፣ ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑ፣ ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎች አሉ። የደማችንን ካልሲየም የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ደም ሥራቸው እጅግ ቀጭን ስለሆነ በቦታቸው ቢቀሩ እንኳ ለሳምንታት ሊደነዝዙ ይችላሉ። ካልሲየሙ ታዲያ በዕለቱ ሳይሆን በአብዛኛው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው የሚያሽቆለቁለው፤ ሕመምተኛዋ ተሻላት ተብሎ ቤተሰብ ወደ ቤት ለመውሰድ ሲዘጋጅ።

እሷ ላይ ብዙ ነገር ተደራርቦባት ነበር። እንቅርቱ ትልቅ ነው፤ ዕጢውም ምንም ሳይቀር ወጥቷል። ሆርሞን በዝቶበት የቆየ አጥንት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ካልሲየምን ከደም ይስባል። ቤት ውስጥ ስለምትውል ቫይታሚን ዲዋም ዝቅተኛ ነበር። በካንሰር ምክንያት የአንገት ንፍፊት አብሮ የሚወጣላቸው፣ አንገታቸው ለሁለተኛ ጊዜ የሚከፈት፣ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የተቀየረ ሰዎችም እንዲሁ ያሰጋሉ። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በቀላሉ ሊስተካከል የሚችለው ቫይታሚን ዲ ነው፤ እባካችሁ ከቀጠሮው ሳምንታት በፊት አስመርምሩት።

በ2ኛው ቀን ሌሊት «ከንፈሬን ዙሪያውን ይነዝረኛል» አለች። ድካም ነው ተብሎ ሊታለፍ የሚችል ነገር ነበር። ተረኛዋ ነርስ ግን ካልሲየሟ ወርዶ እንደሆነ ለማየት የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አስራ፣ ከላይኛው ግፊቷ በ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አሳልፋ ነፋችው። 3 ደቂቃ ሳይሞላ የእጇ አንጓ ታጠፈ፤ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገባ፤ የቀሩት ጣቶቿ ተገትረው ተጣበቁ። ደሟ ሲመረመር ካልሲየሟ በዴሲሊትር 6.8 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ፤ ጤነኛው ከ8.5 እስከ 10.5 ገደማ ነው። እንዲህ ወርዶ ዝም ከተባለ ጉሮሮ ሊዘጋ፣ ሰውነት ሊንፈራገጥ፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ያችን ነርስ በዚያ ሰዓት እዚያ ያቆማት እግዚአብሔር ነው፤ እኛ ሌላ የምንለው የለንም።

10 በመቶ የሆነ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊሊትር፣ ማለትም 1 ግራም፣ በ50 ሚሊሊትር ግሉኮስ ተበርዞ፣ ልቧ በኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ) እየታየ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በዝግታ ተሰጣት። ከፈጠነ ልብን ያሰጋል፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያበላሻል። ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ በሚሄድበት መስመር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሲገናኙ ደለል ይሠራሉና። የአንዱ መርፌ ኃይል ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ በጠብታ ቀጠለ። ማግኒዥየሟም ታየ፤ እሱ ከጎደለ ካልሲየም ቢሞላም አይረጋም።

ከዚያ ወደ ክኒን ተሻገረች፦ ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር፣ እንዲሁም ካልሲትሪዮል፣ ማለትም ሥራ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ ቫይታሚን ዲ። የታይሮይድ ምትኳ ሌቮታይሮክሲን ግን ከካልሲየሙ በ4 ሰዓት መራቅ አለበት፤ አለበለዚያ አንጀት በደንብ አይቀበለውም። ጭንቀቷ የነበረው ጾሙ ነው። ካልሲየሙ ተከፋፍሎ በቀን 3 ጊዜ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ከጾመች የጠዋቱ ይዘለላል፣ መንዘሩም ይመለሳል። ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ለሕመሟ ፈቅደው በጸሎት እንድትተጋ አዘዟት።

በ4ኛው ወር ፓራታይሮይድ ዕጢዎቿ ነቁ። በሐኪም ትእዛዝ መጠኑ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ካልሲየሙን አቆመች፤ አሁን የምትወስደው ሌቮታይሮክሲኑን ብቻ ነው። ስሙ የተመሰገነ ይሁን! 6 ወር አልፎ ያልነቃላቸው፣ ክኒኑ ዕድሜ ልክ የሆነባቸው ወገኖች አሉ። በጸሎታችሁ አስቧቸው።