7 ሺህ ብር ስንት ብር ነው?

ዳቦ ቤቱን የከፈትኩት በመስከረም 2018 ነው፤ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ። ስለ ምድጃው፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ መብራት መጥፋት ወራት ሙሉ ተጨንቄያለሁ። ስለ ደመወዝ ግን አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍ አላጣሁም። አራት ሠራተኛ ነው፤ ወር ሲሞላ ቆጥሮ መስጠት ነዋ!

ከጋጋሪው ጋር ስንስማማ ወሬያችን ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

«ጋሼ፣ ስንት ላድርግልዎ?»

«7 ሺህ እጄ ላይ ይግባ እንጂ ሌላው ያንቺ ጣጣ ነው ልጄ።»

እሺ አልኩ። ሽያጭ ላይ ለምትቆመው ልጅ ደግሞ 4 ሺህ አልኳት፤ እሷም እሺ አለች። እኔ ጥቅሉን፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ያለውን ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው እጇ ላይ የሚገባውን ነው።

ወሩ ሞላ። ሌላ ቦታ ሒሳብ የሚሠራ ወዳጄ የራሱን ኤክሴል ላከልኝ፤ ስምና ደመወዝ ብቻ አስገቢ፣ ሌላውን ራሱ ይሠራዋል አለኝ። አስገባሁ። ለልጅቷ 3,222.50 ወጣላት። ፖስታውን ከፍታ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

«እትዬ፣ 777 ብር ከ50 የት ገባ?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ወረቀትና ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። ለካ ኤክሴሉ የተሠራው በድሮው ሰንጠረዥ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሥራ ግብር ተቀይሯል። ድሮ ከግብር ነፃ የነበረው እስከ 600 ብር ነበር፤ አሁን እስከ 2,000 ሆኗል። በአዲሱ የ4,000 ብር ግብር 300 ብር ነው። በድሮው 497.50 ነበር። ጡረታው 7 በመቶ፣ ማለትም 280። ስለዚህ የሚደርሳት 3,420 ነው። በማግስቱ 197.50 መለስኩላት። ደግነቱ ለገቢዎች ገና አላሳወቅኩም ነበር፤ ወሩ ካለቀ በኋላ 30 ቀን አለ። ከሰው የወሰዳችሁትን ኤክሴል ቀመሩን ከፍታችሁ እዩት፤ ቁጥሮቹ የየትኛው ዘመን እንደሆኑ አይታወቅም።

የጋጋሪው ግን ባሰ። 7 ሺህ እጁ ላይ እንዲገባ ወደ ኋላ ማስላት ነበረብኝ። ጥቅሉ 9,044.12 ሆነ። ከዚያ ግብር 1,411.03፣ ጡረታ 633.09 ይቀነሳል፤ ይኸው ጥርት ያለ 7 ሺህ። እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አሠሪው ከራሱ ኪስ የሚጨምረው 11 በመቶ ጡረታ አለ፤ 994.85። በድምሩ 10,038.97። በሁለት ደቂቃ ወሬ 7 ሺህ ብዬ የተስማማሁት ሰው ከ10 ሺህ በላይ ያስወጣኛል! ዳቦውን ስተምን ይሄን አላሰብኩም።

ቃል ቃል ነው፤ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ለአራቱም ውል ጻፍኩ፤ ጥቅሉም፣ ተቀናሹም፣ እጅ ላይ የሚደርሰውም በየመስመሩ። ለአቡኪው በአፋን ኦሮሞ አንብቤለት ነው የፈረመው። ገና ስጀምር ይህን ባደርግ ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር ባልመጣ።

ትርፍ ሰዓት ላይም ተሳስቻለሁ። ጋጋሪው የሚገባው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አቡኪው ሲቀር 6 ሰዓት ላይ ይመጣል። እኔ ለሻይ ብዬ መቶ ብር አስጨብጠው ነበር፤ ደግ የሆንኩ መስሎኝ። ሕጉ ግን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት 1.75 እጥፍ ይላል፤ ለቀኑ 1.5። ጥቅል ደመወዙን ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሳካፍለው የአንድ ሰዓቱ 43.48 መጣ። ሁለቱ የሌሊት ሰዓት 152.18 ነው። የኔ «ደግነት» 52 ብር ይጎድለዋል። አሁን ምድጃው አጠገብ ደብተር ተንጠልጥሏል። ገጹ በሊጥ ተጣብቆ አንዳንዴ በቢላ ነው የምንገልጠው፤ ግን ሰዓቱም ፊርማውም አለ።

ሌላው ጥፋቴ ግብሩንና ጡረታውን ከሽያጩ ብር ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ መተዌ ነው። ኅዳር ላይ ዱቄት አለቀብን፤ አነሳሁና ገዛሁበት። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ከእህቴ ተበደርኩ። አሁን ለብቻው ሒሳብ አለው፤ ደመወዝ በከፈልኩበት ቀን እዚያ ይገባል። ካርዱንም ቤት ነው የማስቀምጠው፣ ራሴን ስለማውቅ።

ቲን ቁጥርና የጡረታ ምዝገባ ብዙም አላስቸገረኝም። ብቻ ሰው ሥራ ሳይጀምር አስጨርሱት፤ ከጀመረ በኋላ ማን ሱቁን ትቶ ይሄዳል?

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ቁጥር ስትቀያይር ደረስኩባት።

«እትዬ፣ እጄ ላይ 4 ሺህ እንዲገባ ጥቅሉ 4,794 ከ52 መሆን አለበት።»

ሒሳቡን አየሁት፤ ልክ ነው። 4,600 ላይ ተስማማን።